ሁለት ካሬ ቀረ

እናቴ የወደቡን ቢሮ ወለል ስትወለውል፣
እጠብቃታለሁ እኔ፣ እግሬ ከወንበር ሲንጠለጠል።
ጥግ ላይ ኮምፒውተር አለ፣ ዳንቴል የለበሰ፣
የቀኑን ትኬትና ጭነት መዝግቦ የጨረሰ።
"ነይ" አሉኝ አንድ ማታ ጸሐፊው፣ አቶ ጥጋቡ፣
"ሌላው የመንግሥት ነው፣ አይነካም መዝገቡ፤
ይቺን ግን ተጫወቺ" — ከፈቱልኝ ሰሌዳ፣
ግራጫ፣ ካሬ በካሬ የተሸነሸነ ሜዳ።
ከአንዳንዱ ካሬ በታች ተቀብሯል ፈንጂ፤
"ሕጉ ምንድን ነው?" ብል፣
"እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ ዝም ብለሽ ንኪ እንጂ!"

ነካሁ። ፈነዳ። ነካሁ። ፈነዳ።
ሰኔና ሐምሌ ሙሉ ሞትሁ በዚያ ሜዳ።
ቁጥሮችም ነበሩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፤ ለእኔ ጌጥ፣ የሰሌዳው ጥለት።

ኋላ በነሐሴ፣ ጀልባው ከጎርጎራ የዘገየ ለታ፣
ሰው በረንዳ ወጥቶ ዓይኑን ጣና ላይ ጥሎ ሲንገላታ፣
ብቻዬን ነበርሁ፣ ከአንዲት "አንድ" ጋር ፊት ለፊት፤
ሰባቱ ጎረቤቶቿ ተከፍተዋል፣ ቀርቷል ስምንተኛው ቤት።
"አንድ" ማለት እኮ… እዚያ ነው! እዚያ ነው የተደበቀው!
ቁጥር ስለ ራሱ አያወራም፤ በጎረቤቱ ነው የሚያሳብቀው።
ጮኽሁ! እናቴ ጀልባው የታየ መስሏት፣
ከነመወልወያዋ ሮጠች ወደ ውሃው፤ ምን ብዬ ልመልሳት?

ጀልባውስ ሌሊት ደረሰ፣ ሆዱ ተቧጭሮ፣
ዓለት ነክቶት ኖሮ፣ ከውሃው ሥር አድሮ።
ካፒቴኑ ፊቱን እየጠረገ "ነካሁት" ሲል ሰማሁ፤
ያቺን ቃል ዐውቃታለሁ።

ዛሬ ሥራዬ ይኸው ነው። ጧት ጀልባ ላይ እወጣለሁ፣
ድምፅ ወደ ታች እልካለሁ፣ መልሱን እቆጥራለሁ፤
ስምንት ሜትር። ዘጠኝ። ስምንት። ድንገት ሦስት።
"ቀስ!" እላለሁ፤ እዚህ ጎረቤት አለ፣ ስሙን የማይናገር ዓለት።
መሪውን የያዙት አያ መኳንንት ይስቁብኛል፣
"እኔ ያለ ማሽን ዐውቀዋለሁ፤ ውሃው እዚህ ጋ ይሽበሸባል፤
ጉማሬም አይወድደው፤ ያ ሁሉ ገንዘብ ለምን ይባክናል?"
እስቃለሁ። እጽፈዋለሁም፤ የሳቸውም ቃል ቁጥር ነውና፤
ቀይ ባንዲራ እተክላለሁ ካርታው ላይ፣ ማሽኑ ሳይመሰክር ገና።

ለሥራው ሲፈትኑኝ፣ "ምን ሳበሽ?" አሉ ሦስቱ ሰዎች፤
"የሀገር ፍቅር" አልሁ፤ ይወዳሉና እንዲህ ያሉ ነገሮች።
እንዴት ልበላቸው፣ አንድ አሮጌ ሳጥን ነው፣ ዳንቴል የለበሰ፣
ሺህ ጊዜ እየገደለ ዓይኔን የቀሰቀሰ?
እሱም በጨረታ ወጣ፣ ከተሰበረ ሚዛን ጋራ፤
አቶ ጥጋቡም ጡረታ ወጡ፤
ሽምብጥ ዶሮ ያረባሉ፣ ከአስፋልቱ በስተግራ።

አንድ ነገር ግን አልጨረስሁም። በመጨረሻው ማታ፣
ጥግ ላይ ሁለት ካሬ ቀረ፤ ሌላው ሁሉ ተፈታ።
አጠገባቸው ያለችው "አንድ" ሁለቱንም እኩል ታያለች፤
"ከሁለት አንዱ ነው" ትላለች እንጂ፣ "ይኸኛው" አላለች።
"ንኪ በቃ!" አሉ አቶ ጥጋቡ፤ እናቴ ባልዲውን ደፋች፤
ጣቴ ማውሱ ላይ ቆመች። መብራቷ ጠፋች።

እነሆ ካርታዬ ተሞልቷል፣ ከዘጌ እስከ ደቅ ድረስ፤
በስተምሥራቅ ግን፣ እምቦጩ ውሃውን ምንጣፍ ሲያለብስ፣
ጀልባ አይገባ፣ ድምፄም አይመለስ።
አለቃዬ "በግምት ሙዪው፣ ነጭ ቦታ ያሳፍራል" ይላል።
አያ መኳንንትን ጠየቅሁ፤ ዛሬ አልሳቁም፣ ዝም አሉ፤
ቆይተው፣ "እምቦጩ ከመጣ እኔም እዚያ እንግዳ ነኝ" ይላሉ።

ስለዚህ ሁለቱን ካሬ አልነካኋቸውም፤ ነጭ ናቸው።
በእርሳስ፣ በቀጭን ጽሕፈት፣ "አይታወቅም" አልኋቸው፤
የሚያልፍ ጀልባ ሁሉ ቀስ ብሎ ይለፋቸው።